ሐዲስ ዓለማየሁና ከዲማ የተነሡት ሰዎች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚጓዝ መንገደኛ ጎሐ ጽዮንን ካለፈ በኋላ ወደ ዐባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚሆነውን ዳገት ወጥቶ ደጋውን ሲረግጥ የሚቀበለው ከተማ ደጀን ነው። ከደጀን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወደ ደብረ ማርቆስ ያመራል፤ ሁለተኛው በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ወደ ባሕር ዳር ይዘልቃል። በዚህ በሁለተኛው መንገድ የሚሄድ፣ ንባብ የሚወድ ሰው ወደ ብቸና ሲቃረብ ልቡ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ማዘንበሉ አይቀርም። ዲማ ጥንታዊ ደብር ነው፤ መምህራንን ያፈራ፣ ተማሪ ከሩቅ የሚሰበሰብበት ስፍራ ነው። ዳሩ ግን መንገደኛው የሚያስበው ስለ ደብሩ ዕድሜ ወይም ስለ መምህራኑ አይደለም። የሚያስበው ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ግቢ፣ ስለ ሰብለ ወንጌል እልፍኝ፣ ስለ መምህር በዛብህና ስለ ጉዱ ካሣ ነው። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም በሥጋ አልተወለደም፤ አንዱም ከዲማ ምድር አንድ ጋሻ መሬት አልያዘም። ሆኖም በዚያ አካባቢ በእውነት የገዙ፣ በእውነት ያስገበሩና በእውነት የተቀበሩ ብዙ ፊታውራሪዎች ስማቸው ሲጠፋ ያልተወለደው ፊታውራሪ ስሙ አልጠፋም።

ለብዕር ሰው ይህ ነገር ከመደነቅ ያለፈ ጥያቄ ያነሣል። አንድ ደራሲ የሐሳብ ፍጡር የሆነውን ሰው እንደ ጎረቤት እንዲታወስ የሚያደርገው በምን ጥበብ ነው? ሐዲስ ዓለማየሁ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን የንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ አልጻፉም። መልሱ ያለው በሕይወታቸው ጉዞ ውስጥ ነው፤ ይልቁንም ከመጀመሪያ ድርሰታቸው አንሥቶ እስከ ዋናው ልቦለዳቸው ድረስ ባለፉባቸው ደረጃዎች ውስጥ ነው።

ሐዲስ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በምትገኘው በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። አባታቸው ካህኑ ዓለማየሁ ሰሎሞን፣ እናታቸው ወይዘሮ ደስታ ዓለሙ ይባላሉ። የካህን ልጅ በመሆናቸው የመጀመሪያው ዕድላቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበር። ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ በዚያን ጊዜ እንደነበረው ልማድ ትምህርትን ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር ተዘዋወሩ። ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ የዚህ ዘመናቸው ጣቢያዎች ናቸው። ደበሎ መልበስ፣ አኩፋዳ አንግቶ ቁራሽ መለመን፣ ከውሻ ጋር መታገል፣ ማታ በጎጆ ውስጥ ጓደኛ ያመጣውን ለጓደኛ ማካፈል፣ ይህ ሁሉ የቆሎ ተማሪ ኑሮ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ የበዛብህ ተማሪነት በልቦለድ ሲገለጽ አንባቢው ጽሑፉን የሚያምነው ደራሲው ያንን ብርድና ያንን ረኃብ ከወሬ ያልሰማው በመሆኑ ነው።

በቅኔ ቤት ተማሪው ቀኑን ሙሉ በዛፍ ጥላ ወይም በመቃብር ቤት ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማታ በመምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ መምህሩም ያርማሉ። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው በዚህ ዓይነት ነው። መምህሩ የሚያርሙት ሰዋስውን ብቻ አይደለም። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ ወርቁ ባለቅኔው ሊናገር የፈለገው ጉዳይ ነው፣ ሰሙ ግን ያ ጉዳይ የተሸፈነበት ታሪክ ወይም ምሳሌ ነው። ወርቁ የቱን ያህል ከባድ ቁም ነገር ቢሆን፣ ሰሙ በራሱ ተሟልቶ ካልቆመ ቅኔው ይነቀፋል። ሰሙ ንጉሥ ቢሆን የንጉሥ ግብር ሊኖረው፣ ገበሬ ቢሆን እንደ ገበሬ ሊያርስና ሊዘራ ይገባዋል። ወርቁ ስለሚቸኩል ብቻ ሰሙ ላይ ቀዳዳ መተው በጉባኤ ፊት ያሳፍራል። ልቦለድ ጸሐፊው ሐዲስ ስለ ሰው አፈጣጠር ያወቁት ዋናው ነገር ከዚህ የመጣ ይመስላል። ሐሳቡ ወርቅ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ሰም ነው፤ ሰሙ ግን የራሱ ሥጋና ደም ያለው መሆን አለበት።

ይህን ትምህርት በሥራ ላይ ለማዋል ረጅም ዘመን ወስዶባቸዋል። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ ሄደው በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዘመናዊውን ትምህርት ቀሰሙ። በዚያን ጊዜ ከጎጃም ወደ ሸዋ መሻገር ቀላል ነገር አልነበረም። የመኪና መንገድ የለም፤ የዐባይ በረሃ ሙቀቱ፣ ሽፍታውና ንዳዱ በየተራ ይፈታተናሉ፤ መንገደኛም ብቻውን አይሻገርም፣ ጓድ ይጠብቃል። ያንን ገደል በወጣትነታቸው ያዩት ሰው በኋላ በልቦለዳቸው ሁለት ፍቅረኞችን በዚያው በሸዋና በጎጃም መንገድ ላይ እንዲፈላለጉ ማድረጋቸው የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

ገና ወጣት ሳሉ የጻፉት ቴአትር «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» የሚል ርእስ ነበረው። ርእሱ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ሐበሻ አንድ ሰው ነው፤ ወደኋላ ሌላ ሰው ነው፤ ሁለቱ ይጋባሉ። ኋላ ቀርነት ሥጋ ለብሶ፣ ስም ወጥቶለት መድረክ ላይ ይቆማል ማለት ነው። ዘመኑ አገር እንዴት ትሠልጥን የሚለው ጥያቄ የተማረውን ወጣት ሁሉ የሚያንገበግብበት ዘመን ነበርና ወርቁ በጣም ይቸኩል ነበር። እንዲህ ያለ ተዋናይ ግን ከመድረክ ሲወርድ ተከትሎ ወደ ቤት የሚሄድ ተመልካች አያገኝም። ወደኋላ እናት የላትም፤ ልጅነት የላትም፤ ሌሊት ብቻዋን ስትሆን የምታስበው ነገር የላትም። የምትሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ስሟን ማስረዳት።

ከትምህርት በኋላ ወደ ጎጃም ተመልሰው በጉምሩክና በትምህርት ሥራ አገልግለዋል። ራስ ኃይሉ ከተሻሩ በኋላ ጎጃምን ያስተዳድሩ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ለትምህርትና ለጽሑፍ ፍቅር የነበራቸው መስፍን ነበሩ። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲወር ሐዲስ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ወደ ሽሬ ዘመቱ። ጦሩ ከተፈታ በኋላም ከራሱ ጋር ወደ ምዕራብ አፈግፍገው በጎሬ በኩል ትግሉን ቀጠሉ፤ በመጨረሻም በ1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ። በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች የግዞት ኑሮ ኖረው ነጻ የወጡት የተባበሩት መንግሥታት ጦር ደቡብ ኢጣሊያን ሲይዝ ነው። ሰባት ዓመት ያህል ማለት ነው። እርሳቸው በባሕር ተከበው ሳሉ በብቸናና በዐባይ ዳር በላይ ዘለቀና ሌሎች አርበኞች ጠላትን ይዋጉ ነበር።

በግዞት ቤት ዋናው የሰው ሀብት ትዝታ ነው። የአገር ቤት ሰው ከነአነጋገሩ፣ ከነአለባበሱ፣ ከነቀልዱና ከነኩራቱ በልቡና ይመላለሳል። በቅርብ ሲታይ የሚያስቆጣ መኰንን ከሩቅ ሲታሰብ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ይሆናል። ሐዲስ ይህን የመከራ ዘመን በኋላ «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው ተርከውታል፤ መጽሐፉ የታተመው በ1985 ዓ.ም. ነው። የፍቅር እስከ መቃብር ሰዎች በዚያ ደሴት ተፀነሱ ለማለት ማስረጃ የለም። ነገር ግን ከዚያ በፊት የጻፉት ሰው ስሙ ወደኋላ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ የጻፉት ሰው ስሙ መሸሻ ነው። በመካከሉ ሽንፈት አለ፣ ግዞት አለ።

ከግዞት መልስ የነበረው የመንግሥት አገልግሎታቸው ረጅምና የተሳካ ነው። በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ባልደረባ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን፣ የትምህርት ሚኒስትር፣ በለንደን አምባሳደር፣ የፕላንና ልማት ሚኒስትር፣ በኋላም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነዋል። እነዚህን ሹመቶች በዝርዝር ማተት ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም።

ይልቁንስ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት «ተረት ተረት የመሠረት» የሚገባውን ያህል አልታየም። ተረት የገጸ ባሕርይ ጥንታዊ ትምህርት ቤት ነው። በተረት ውስጥ ቀበሮ ብልጥ ናት፣ ጅብ ሆዳም ነው፣ አንበሳ ንጉሥ ነው። ሰሚው ገና ስማቸው ሲጠራ ጠባያቸውን ያውቃል። ሐዲስ ከወደኋላ ወደ ተረት ሲመጡ አንድ እርምጃ ወደ ሰው ቀርበዋል፤ የተረት ፍጡር ቢያንስ ይርበዋል፣ ይፈራል፣ ይቀናል። ነገር ግን የተረት ጅብ ቀኑን ሙሉ ጅብ ነው። ጠዋት ሆዳም፣ ማታ ለጋስ የሚሆን ጅብ ተረቱን ያፈርሰዋል። ልቦለድ ግን የሚጀምረው ጅቡ ራሱን መጠራጠር ከጀመረበት ላይ ነው።

የአማርኛ ልቦለድም በአጠቃላይ በዚሁ መንገድ ላይ ነበረ። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የምናገኛቸው ሰዎች ፍጹም ውብና ፍጹም ደግ ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ«አዲስ ዓለም» የአውሮፓ ትምህርት ተምሮ የተመለሰን ወጣት ከልማድ ጋር አጋጠሙት፤ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» ደግሞ ገና በስሙ ምሳሌነቱን ያውጃል። እነዚህ ትላልቅ ሥራዎች ናቸው፤ መንገዱን የጠረጉ ናቸውና ማንም ሊያቃልላቸው አይገባም። ሆኖም አንባቢ ከእነርሱ ትምህርት ይወስዳል እንጂ ሰው ይዞ አይሄድም።

ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ደራሲው 56 ዓመት ሆኗቸው ነበር። መጽሐፉ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው ቢባልም በእነርሱ አይጀምርም። የሚጀምረው በመንኩሳ፣ በበዛብህ ወላጆች በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ነው። አንድ ቸኩሎ የሚጽፍ ደራሲ ይህን ክፍል በሁለት አንቀጽ በጨረሰው ነበር። ሐዲስ ግን ተቀመጡበት። ባልና ሚስቱ እንዴት እንደተገናኙ፣ ጎረቤት ምን እንዳለ፣ ልጅ እንዴት እንደተመኙ፣ ልጁ እንዲያድግላቸውም እንዴት ለእግዚአብሔር እንደተሳሉ በዝርዝር ይነግሩናል። ይህ ዝርዝር ጌጥ አይደለም። በዛብህ ከመናገሩ በፊት፣ ፍቅር ምን እንደሆነ ከማወቁ በፊት፣ በእርሱ ስም የተገባ ቃል አለ። እናትና አባቱ ከፍቅራቸው የተነሣ የገቡት ቃል በልጃቸው አንገት ላይ ገመድ ይሆናል። አንባቢው የወላጆቹን ጭንቀት አይቷልና ስለቱን ሊጠላው አይችልም፤ በዛብህንም ፈሪ ሊለው አይችልም። እንዲህ ዓይነቱ እስራት ከውጭ በመጣ ጨካኝ ሰው አይፈጠርም። አንድን ገጸ ባሕርይ አንባቢ በጭንቀት እንዲከተለው የሚያደርገው ሁለት እውነተኛ ነገሮች በአንድ ልብ ውስጥ ሲጣሉ ነውና።

ከዚያ ፊታውራሪ መሸሻ ይመጣሉ። እንደ ሐሳብ ከታዩ ፊታውራሪው የጉልተኛው ሥርዓት ምሳሌ ናቸው፤ የወጣቱ ሐዲስ ብዕር ቢሆን ኖሮ ስማቸው ግፍ ወይም ትዕቢት በሆነ ነበር። የበሰለው ሐዲስ ግን ፊታውራሪው ራሳቸውን የሚያዩበትን መነጽር ፈልገው አገኙ። መሸሻ ክፉ ነኝ ብለው አያውቁም። የአባቶቻቸውን ወግ የሚጠብቁ፣ ዘራቸውን ከመደባለቅ የሚከላከሉ፣ ክብራቸው የተደፈረባቸው ሽማግሌ ናቸው። ለልጃቸው የሚመጥን ባል በዘር ሚዛን ሲፈልጉ ዓመታቱ ያልፋሉ፤ ሰብለ ወንጌልም ያለ ባል ትቀመጣለች። ባላገሮቹ ልማድ ያልሆነ ግብር አንሰጥም ብለው ሲያምፁ ፊታውራሪው በእርጅናቸው ጦር አሰልፈው ይዘምታሉ፤ በአበጀ በለው መሪነት በተሰለፉት ገበሬዎችም ይማረካሉ። አንባቢው እዚህ ላይ ይስቃል፤ ወዲያውም የሳቀበት ሽማግሌ ያሳዝነዋል። በአንድ ሰው ላይ መሳቅና ለዚያው ሰው ማዘን ከተቻለ ያ ሰው ምሳሌ መሆኑ ቀርቷል ማለት ነው። ደራሲው በጉልተኛው ላይ የያዙት ቁጣ በዚህ አልቀነሰም። እንዲያውም አንባቢው የተማረከውን ሽማግሌ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ወደ ሰውዬው ሳይሆን ወደ ሥርዓቱ ይወስደዋል፤ ቁጣው ከግለሰቡ ላይ ተነሥቶ በሚገባው ስፍራ ያርፋል።

ስለ ወይዘሮ ጥሩ አይነት ብዙ አይጻፍም፤ ሊጻፍ ይገባ ነበር። በኩራት ከባሏ የማታንስ፣ ነገር ግን እናት የሆነች ሴት ናት። ሰብለ ወንጌል የምታመልጠው ከአባቷ ቁጣ ብቻ ሳይሆን ከዚህች እናት እቅፍም ነው፤ የሁለተኛው ማምለጥ ከመጀመሪያው ይከብዳል። በትምህርት አስተማሪነት ወደ ግቢው የገባው የደሀ ልጅ የሚያስነሣው ማዕበል ስንት ሰው እንደሚያናውጥ የምናውቀው እንዲህ ያሉት በዙሪያው የቆሙ ሰዎች ሙሉ ሰው ስለሆኑ ነው። ሰብለ ራሷም የምትወደደው ውበቷ ስለተነገረ አይደለም። ፊደል ስትማር የምናያት፣ የምትጠብቅ፣ የምታፍር፣ በመጨረሻ ግን ቤቷን ትታ በማታውቀው መንገድ ላይ የምትወጣ ሴት በመሆኗ ነው። በመላው መጽሐፍ ውስጥ ካሉት ሰዎች ይልቅ ቆራጡን ተግባር የምትፈጽመው እርሷ ናት፤ ይህም በ1958 ዓ.ም. ከተጻፈ ልቦለድ በቀላሉ የሚጠበቅ አልነበረም።

ለደራሲያን ትልቁ ፈተና ያለው ግን በካሣ ዳምጤ፣ በሕዝብ አጠራር በጉዱ ካሣ ላይ ነው። ካሣ የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ነው፤ የተማረ ነው፤ የኅብረተሰቡን አሠራር እንደ ድንጋይ ካብ አድርጎ የሚያይ፣ ከሥር ያለው ድንጋይ ቢነቃነቅ ከላይ ያለውም እንደማይቀር የሚያስረዳ ሰው ነው። ደራሲው ስለ አገራቸው የሚያስቡትን አብዛኛውን ነገር የሚናገረው እርሱ ነው። ይህ አደገኛ ነገር ነው። ወጣቱ ሐዲስ ወደኋላን እንደ ፈጠሩ ሁሉ፣ ያረጁት ሐዲስ ደግሞ ወደፊት የሚባል ሰው ፈጥረው በእርሱ አፍ ሊሰብኩ ይችሉ ነበር። ስብከቱ እውነት ስለሆነ ብቻ ገጸ ባሕርዩ አይድንም። አንዳንድ ሐያስያን ካሣ ንግግር ያበዛል ይላሉ፤ ነቀፋው መሠረት የለውም ለማለት አይቻልም። ጥቂት ገጾች ላይ ሰሙ ቀጭን ሆኖ ወርቁ ከሥሩ ይታያል።

እንግዲህ ካሣን ያዳነው ምንድን ነው? ሦስት ነገር ሳይሆን አይቀርም። መጀመሪያ፣ ደራሲው እውነቱን ሰጥተው ሥልጣኑን ነሡት። የሚናገረው ሁሉ ትክክል ነው፤ የሚሰማው ግን የለም፤ ሰው እብድ ነው ብሎ ስቆ ያልፈዋል። ትክክል ሆኖ መሸነፍ ደግሞ ማንኛውም ሰው በሕይወቱ የቀመሰው ነገር ነው። ሁለተኛ፣ የሚነቅፈው ቤት የራሱ ቤት ነው። ከሩቅ ቆሞ ድንጋይ አይወረውርም፤ ካቡ ሲናድ ከሚወድቅባቸው አንዱ እርሱ ነው። ሦስተኛውና ምናልባት ዋናው፣ ካሣ ይወዳል። ለበዛብህና ለሰብለ ያለው ፍቅር ከንግግሩ ሁሉ ይበልጣል። አንባቢ የካሣን ክርክር ይረሳዋል፤ ለሁለቱ ወጣቶች ሲል የተንከራተተውን ግን አይረሳም።

በዚህ ስፍራ የደራሲውን የራሳቸውን ኑሮ ማሰብ ግድ ይሆናል። ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው ደራሲው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ውስጥ በከፍተኛ ሹመት ላይ በነበሩበት ዘመን ነው። ካቡን ከሚደግፉት ድንጋዮች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ፊታውራሪ መሸሻን የሚመስሉ ሰዎች በየግብዣው አጠገባቸው ይቀመጡ እንደነበር አያጠራጥርም። ካሣ በመሸሻ ግቢ የሚኖረውን ኑሮ፣ ማለትም በሥርዓቱ ውስጥ እየኖሩ ሥርዓቱን መተቸትን፣ ደራሲው ከመጽሐፍ አልተማሩትም። ካሣ ቃል አቀባይ ብቻ ሳይሆን ሰው የሆነው ደራሲው ሐሳባቸውን ብቻ ሳይሆን የገዛ ራሳቸውን ምቾት የሌለው ስፍራ ስላካፈሉት ይሆን? እንዲህ ዓይነቱን ነገር ማረጋገጥ ባይቻልም ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ አለማየት አይቻልም።

የመጽሐፉ ሰዎች ከንባብ ማኅበረሰብ ወጥተው ወደ ሕዝብ የገቡት በሬዲዮ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ልቦለዱን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ሲተርከው ማንበብ የማይችለው ባላገር ሁሉ የመሸሻን ቁጣና የካሣን ፌዝ በጆሮው ሰማ። ወጋየሁ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ድምፅ ሰጥቶታል። ይህ የተዋናዩ ታላቅ ችሎታ ነው። ነገር ግን ድምፁ ቀድሞ በጽሑፉ ውስጥ ባይኖር ተዋናዩ ከየት ያመጣው ነበር? መኰንኑ እንደ መኰንን፣ የቅኔው መምህር እንደ ቅኔ መምህር፣ ገበሬው እንደ ገበሬ ይናገራል፤ የተናጋሪው ስም ቢሸፈን እንኳ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ድርሰቱን ለሚጀምር ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ ማግኘት ያስቸግራል።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ሐዲስ «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል» የተባለውን መጽሐፋቸውን አቀረቡ። በዚያው ወቅት የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሥልጣን ቀርቦላቸው እንዳልተቀበሉ በሰፊው ይነገራል። ከዚያ በኋላ ከሹመት ርቀው ሁለት ልቦለዶች ጻፉ፤ «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974 ዓ.ም.፣ «የእልምዣት» በ1980 ዓ.ም. ታተሙ። ሁለቱም ከባድ ቁም ነገር የተሸከሙ፣ በቋንቋ የበሰሉ መጻሕፍት ናቸው። ሆኖም በመንገድ ላይ የሚያገኙትን አንባቢ ከእነዚህ መጻሕፍት የአንድ ሰው ስም ቢጠይቁት መልሱ ይዘገያል። ወንጀለኛ የሆነ ዳኛ የሚለው ሐሳብ ራሱ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ምናልባትም ችግሩ እርሱ ነው። ርእሱ እንደ ጥንቱ ቴአትር ርእስ ወርቁን ቀድሞ ይናገራል። የሰው ልጅ ስሕተት እንዴት እንደሚገነባ የሚያስብ አእምሮ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ አልደከመም፤ የደከመው በመንኩሳ ቤት ውስጥ ሥራ ፈትቶ የመቀመጥ ትዕግሥት ይመስላል። አንድ ጊዜ የተገኘ ጥበብ በእጅ ላይ እንደ ቀለበት አይቀርም። ይህን ማለት ታላቁን ደራሲ ማሳነስ አይደለም፤ እርሳቸውም ሲጽፉ እንደማንኛችንም በየገጹ እንደ አዲስ ይታገሉ እንደነበር ማስታወስ ነው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ክበበ ፀሐይ በላይ ቀድመዋቸው ዐርፈዋል፤ ከአብራካቸው የተከፈለ ልጅም አልነበራቸውም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ቤታቸው በጸጥታ ኖሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። ያረፉት ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም. ሲሆን ዕድሜያቸው 94 ዓመት ነበር። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የሚጠራ የባህል ጥናት ተቋም አለ።

በ2009 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ካሣሁን በልቦለዱ ሰዎች ላይ የተመሠረተ «ማር እስከ ጧፍ» የተባለ ዘፈን አወጣ። መጽሐፉ ከታተመ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር፤ ከአድማጮቹ ብዙዎቹ በዐፄው ዘመን አልተወለዱም፤ ጉልትና ጭሰኛ የሚሉትን ቃላት የሚያውቁት ከታሪክ ትምህርት ነው። እንደዚያም ሆኖ ሰብለ ማን ናት፣ በዛብህ ማን ነው ብሎ ማብራራት አላስፈለገም። በየመሥሪያ ቤቱና በየሰፈሩም ሌላው የሚሸሸገውን ነገር ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ሲገኝ ጉዱ ካሣ የሚል ቅጽል ስም ይወጣለታል፤ ስሙን ከሚያወጡለት መካከል መጽሐፉን ከቶ ገልጠው የማያውቁ አሉ።